የሥራ ባልንጀራን ድካም ስለ አለመሸሸግ

ትልቅ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይፈጸምም። ስለዚህ ቅን ሰው በተመሰገነ ጊዜ አብረውት የደከሙትን አይረሳም።

ቀድሞ የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ከሞት አያመልጥም ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግ የሚባል ሐኪም ቤስት ከሚባል ወጣት ረዳቱ ጋር መድኃኒት ይፈልግ ጀመር። የመመርመሪያውን ቤት የሰጣቸው ማክላውድ የሚባል መምህር ነው። ኮሊፕ የሚባል ሊቅም ያገኙትን መድኃኒት አጣርቶ ለሰው የሚስማማ አደረገው። ስሙም ኢንሱሊን ተባለ። በ1922 ዓ.ም. በዚህ መድኃኒት አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከሞት ዳነ።

በ1923 ዓ.ም. ታላቁ የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ብቻ ተሰጠ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። ነገር ግን ባንቲንግ ከገንዘቡ ድርሻ እኩሌታውን ለቤስት ሰጠ፤ ማክላውድም የራሱን ድርሻ እንዲሁ ለኮሊፕ አካፈለ።

የሌላውን ድካም ለራሱ የሚያደርግ ሰው የባልንጀራውን ደመወዝ እንደ ሰረቀ ይቈጠራል። «ይህን የሠራነው አብረን ነው» ብሎ የሚመሰክር ግን ክብሩ አይጐድልበትም፤ በማግሥቱም የሚረዳው ባልንጀራ አያጣም።