ለበረዶ ወራት የሚሆን ዘር ቅመም መደርደሪያችን ላይ አለ

ሚኒሶታ ያላችሁ ወዳጆቼ ኅዳር በገባ ቁጥር “ከእንግዲህማ በዚህ ብርድ ምን ይበቅላል?” ስትሉ እሰማለሁ። ብርዱ ግን እኮ ያለው ደጅ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሳሎናችሁ ውስጥ 20 ዲግሪ ሙቀት አለ። ይህ ሙቀት ለሰላጣም፣ ለጎመንም፣ ለድንብላልም በጣም ይስማማል። በዚህ ወራት ቤት ውስጥ ለሚበቅል አትክልት የሚጎድለው ብርሃን ነው። ይህችን አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ፣ ምን እንደሚዘራ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ከእሷ እየተመዘዘ ይመጣል።

ሚኒያፖሊስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 45 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ 12 ገደማ፣ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚያጥርበት ጊዜ፣ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ያለው 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ ከፍ የምትለው 22 ዲግሪ ግድም ነው። ያን ዕለት አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 58 ዲግሪ ትወጣለች፤ ቀኑም ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል። ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የሚያገኙት 6 ሰዓት ያህል ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በበረዶ ወራት አትክልት በማምረት ስሙ የታወቀው ገበሬ ኤሊየት ኮልማን የሚያስተምረው አንድ ሕግ አለ፦ የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት ሲያንስ አብዛኛው አትክልት ዕድገቱን ሊያቆም ምንም አይቀረውም። ሚኒያፖሊስ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ከዚያ በታች ናት። ሦስት ወር ሙሉ ማለት ነው።

“የእኔ ሳሎን ግን እኮ ብሩህ ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። ለዓይናችሁ ብሩህ ነው። ዓይናችን የሚገርም ነገር ነው፤ ብርሃን ሲቀንስ ብሌኑን ይከፍትና ልዩነቱን ይሸፍንልናል። ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ያለው ብርሃን በመለኪያ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ማታ መብራት የበራበት ሳሎን ግን ከ100 እስከ 300 ሉክስ ቢሆን ነው። ቅጠል ደግሞ እንደ ዓይን ራሱን አያላምድም፤ የደረሰውን ብርሃን ብቻ ቆጥሮ ያን ያህል ስኳር ይሠራል። ስለዚህ መስኮታችሁን በዓይናችሁ አትመኑት፣ በጥላ ፈትኑት። እኩለ ቀን ላይ አትክልቱን ልታስቀምጡበት ባሰባችሁት ቦታ ነጭ ወረቀት አንጥፉና እጃችሁን ከወረቀቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ከወጣ ቦታው ጥሩ ነው። ከደበዘዘ ብርሃኑ ለቅጠላ ቅጠልም ያንሳል። ምንም ጥላ ካልታየ እዚያ ምንም አትዝሩ። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካላችሁ እሱን ያዙ፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በደቡብ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ ጠልቃ ትገባለች። ከመስታወቱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብትሉ ግን ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይወርዳል።

ብርሃን ያነሰው ችግኝ ወዲያው ይታወቃል። ግንዱ ቀጥኖና ገርጥቶ ይረዝማል፣ ወደ መስታወቱ ይንጋደዳል፣ በመጨረሻም በራሱ ክብደት ይወድቃል። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ይህን መንጋደድ መርምሮ በ1880 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። የሣር ቡቃያዎችን ጫፍ በትንሽ ክዳን ሲሸፍኑት ቡቃያው ወደ ብርሃን መታጠፉን አቆመ፤ የታችኛውን ክፍል ሸፍነው ጫፉን ሲተዉት ግን ታጠፈ። ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ ነው፣ የሚታጠፈው ግን ከጫፉ በታች ያለው ክፍል ነው ማለት ነው። በኋላ እንደታወቀው በመካከላቸው መልእክት የሚያደርሰው ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ኦክሲን በጥላው ጎን ይበዛል፤ በዚያ በኩል ያሉት ሴሎች ይበልጥ ይለጠጡና ተክሉ ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። የቀጠነና የተንጋደደ ችግኝ ስታዩ ማዳበሪያ አትጨምሩለት፤ የጠየቃችሁ ብርሃን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዋጋውም አያስፈራም። ተራ ነጭ ኤል ኢ ዲ መብራት ይበቃል፤ ሐምራዊ የሚያበራውን ውድ ነገር መግዛት ግዴታ አይደለም። ነጩ ብርሃን ቅጠል በብዛት የሚጠቀምባቸውን ሰማያዊና ቀይ ቀለሞች በውስጡ ይዟል፣ ደግሞም ቤት ውስጥ ለዓይን አይከብድም። በትክክል 30 ዋት የሚበላ መብራት 30 በ60 ሴንቲሜትር ለሆነ ቦታ ይሆናል። ከቅጠሉ በላይ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ላይ ስቀሉት፤ ከጣሪያ ላይ ያበራ መብራት ግን ለተክል ምንም አይፈይድም። በቀን 14 ሰዓት እንዲበራ በርካሽ ታይመር አስሩት። ሒሳቡን እንሥራው፦ 30 ዋት በ14 ሰዓት ሲባዛ በቀን 0.42 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 12.6 ይሆናል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 15 ሳንቲም ቢሆን በወር 2 ዶላር አይሞላም። ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ እፍኝ ድንብላል ቅጠል ከሚሸጥበት ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደምወደው ጥያቄ እንምጣ፤ ምን ይዘራ? በቀን ተክል ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሞል በሚባል መለኪያ ይቆጠራል። ሰላጣ በካሬ ሜትር ከ12 እስከ 17 ሞል ካገኘ ያምርበታል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ደህና ፍሬ ለመስጠት ከ20 በላይ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም ፍሬ ማለት ተክሉ ከዕለት ፍጆታው አትርፎ ያጠራቀመው ስኳር ነው። እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ በበረዶ ወራት ቤት ውስጥ ቅጠል ይበላል፣ ፍሬ እስከ በጋ ይቆያል። በጥር ወር መስኮት ላይ ቲማቲም ለማፍራት የምትደክሙትን ድካም ለቅጠል ብታደርጉት በሳምንታት ውስጥ ትበላላችሁ።

የቅጠሉን ዘር ደግሞ ብዙዎቻችሁ ገዝታችሁ አስቀምጣችሁታል። የቅመም መደርደሪያችሁን ክፈቱት። ፌጦ አለ፣ ድንብላል አለ፣ አብሽ አለ፣ ሰናፍጭ አለ። ያልተቆላና ያልተፈጨ ከሆነ እያንዳንዱ ዘር ነው! አንዳንድ ቅመም ለጽዳት ሲባል በእንፋሎት ወይም በጨረር ስለሚታከም አይበቅልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ሰባት ወይም ስምንቱ ካቆጠቆጠ ከሱቅ ዘር መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፌጦ ነው። እኛ ፍሬውን ለፍትፍትና ለመድኃኒት ስናውለው እንግሊዞች ቅጠሉን ከተቀቀለ እንቁላል ጋር በዳቦ ይበሉታል። ከዚያም አልፈው ከነጭ ሰናፍጭ ጋር ጎን ለጎን ይዘሩታል፤ ፌጦው ቀርፈፍ ስለሚል ሦስት አራት ቀን አስቀድመውት ሁለቱን በአንድ ቀን ያጭዳሉ። ፌጦና ሰናፍጭ በጾም ገበታችንም የምናውቃቸው ናቸው። ፌጦን አትዘፍዝፉት፣ ውኃ ሲነካው ልጋግ አውጥቶ ይጣበቃል። እርጥብ አፈር ላይ በተን አድርጉት፣ አፈር አታልብሱት፣ ለሁለት ቀን ብቻ ሸፍኑት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያቆጠቁጣል፤ በአሥረኛው ቀን አካባቢ ጣት የሚያህል ሲሆን በመቀስ ይቆረጣል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ጣዕሙ ቅጠሉ ሳይነካ ገና የለም፤ ስናኝከው ሴሎቹ ይሰበሩና ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ያኔ ይፈጠራል። ለዚህም ነው ቆርጦ ወዲያው መብላት የሚሻለው።

ድንብላል ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ፍሬ የምንለው በውስጡ ሁለት ዘር አለው፤ በመዳመጫ ቀስ ብላችሁ ሰንጥቁት እንጂ አታድቅቁት። ለመብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሙቀትና በጣም ረጅም ብርሃን ሲበዛበት ወደ አበባ ስለሚሮጥ ሂተር አጠገብ አታስቀምጡት። ጎመን ዘር ያላችሁም፣ ምጣድ የምታስሱበትን ማለቴ ነው፣ ዝሩት፤ ገና ለጋ ሳለ የሚቆረጠው ቅጠሉ ለሰላጣ ይሆናል።

አብሽ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እባካችሁ በደንብ ስሙኝ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ የተነሳ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ምንጩም በጥሬው የተበላ የአብሽ ብቅል እንደሆነ ተደርሶበታል። ዘር በሙቅና እርጥብ ዕቃ ውስጥ ታፍኖ ሲያቆጠቁጥ ባክቴሪያም አብሮት ይራባል። ስለዚህ አብሽን በብልቃጥ አብቅላችሁ ከነሥሩ በጥሬው አትብሉት። አፈር ላይ ዝሩት፣ ብርሃንና አየር ያግኝ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ቅጠሉን ብቻ ከላይ ቁረጡና አብስሉት። ሕንዶች ከድንች ጋር ይሠሩታል፤ እኛ ብንሞክረው ከምስር ወጥ ጋር ይሄዳል ባይ ነኝ።

ዕቃው ብዙ አያነጋግርም። የእርጎ ባልዲ ይሁን የአበባ ማሰሮ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ለፌጦ 5 ሴንቲሜትር፣ ለሰላጣ 15፣ ለጎመን ከ20 በላይ ጥልቀት ይበቃል። አፈሩን ግን ከግቢ አታምጡ፤ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩም አየር ያጣል። ሱቅ የሚሸጠው ፖቲንግ ሚክስ ይሻላል። በውስጡ የምታዩት ነጭ ቅንጣት ፐርላይት ነው፤ በእሳት የተነፋ የእሳተ ገሞራ መስታወት ሲሆን አፈሩን ክፍት አድርጎ ይይዛል።

ውኃ እንዲወርድ ብላችሁ ከታች ጠጠር የምታነጥፉ ካላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ተዉት። በውኃ የራሰ ስፖንጅ አንጠልጥላችሁ ብታዩ ታችኛው ጠርዙ ውኃ ይዞ ይቀራል፤ አፈርም እንደዚያው ነው። ደቃቁ አፈር ውኃውን ስቦ ስለሚይዘው ሰፊ ክፍተት ወዳለው ጠጠር በቀላሉ አይለቀውም። የጨቀየው ክፍል በጠጠሩ ልክ ከፍ ይልና ወደ ሥሩ ይጠጋል። ያለ ጠጠር እስከ ታች አፈር ሙሉት።

ቤት ውስጥ ያለ አትክልት የሚሞተው ብዙ ጊዜ በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ የሚጠጣውም ያንሳል፤ ውኃው አፈር ውስጥ ይቆይና ሥሩን አየር ይነሳዋል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተቱ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ዛሬ አታጠጡ። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ቢነሱ የላይኛው አፈር እንዲደርቅ ተዉትና ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት አጠገቡ አቁሙ። ክሽክሽ ከያዘው ቅጠሉን ከነጀርባው በለብታ ውኃ እጠቡት።

በሶብላ የምትወዱ ማታ ማታ ከመስታወቱ አርቁት፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል። ጤና አዳም በተቃራኒው ቀዝቀዝ ያለ መስኮት ይስማማዋል። ቃሪያ ደግሞ በየዓመቱ የሚሞት ተክል አይደለም። መስከረም ላይ ብርድ ሳይመታው ከደጅ አስገብታችሁ ቅርንጫፎቹን ብታሳጥሩት ፍሬ ባይሰጥም የበረዶውን ወራት ይሻገራል፤ በግንቦት መልሳችሁ ስታወጡት አዲስ ከተዘራው ቀድሞ ያፈራል።

ብዙ ዕቃ እስክትገዙ አትጠብቁ። በዚህ ቅዳሜ አንድ ትሪ አፈርና ሁለት ማንኪያ ፌጦ ያዙ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ካለፈ በኋላ ለቁርስ ይደርስላችኋል።