ስልኩ ሰው ባለበት ቤት እንዲጮህ

ብዙዎቻችሁ «ማታ ደውለን ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ» ብላችሁ ወቅሳችሁናል። እውነታችሁን ነው። ስልኩ ያለው በቢሮው ሕንፃ ውስጥ ነው። ማታ ተረኛዋ እህት የምታድረው ግን ከመንገዱ ማዶ፣ 80 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ማረፊያ ቤት ነው። ማዳሟ እስክትተኛ ጠብቃ በቀረቻት ጥቂት ሂሳብ የምትደውል እህት ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ የቢሮውን ስልክ ያለ ሽቦ ወደ ማዶ አሻገርነው። በሌላ ከተማ ያላችሁ ማኅበራትም እንድትጠቀሙበት እንዴት እንደሠራነው በአጭሩ እንገልጽላችኋለን።

ሽቦ ለመዘርጋት የሕዝብ መንገድ መቆፈር ነበረብን፤ ያ አልሆነም። ቀጥሎ የሞከርነው ማዳም ከክፍል ክፍል ይዛ የምትዞረውን፣ እናንተም በየቤቱ የምታውቁትን ገመድ አልባ ስልክ ነው። ይህ ዴክት የሚባለው ስልክ በገላጣ ሜዳ እስከ 300 ሜትር ቢደርስም ቤት ውስጥ ከ50 ሜትር ብዙም አያልፍም። የእኛ ግድግዳ ኮንክሪት ስለሆነ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረን። በነገራችን ላይ ከአሜሪካ በስጦታ የመጣላችሁን እንዲህ ያለ ስልክ አትሰኩት። የአሜሪካው የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ሲሆን፣ በአውሮፓና በብዙ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ይህ ሞገድ ለሞባይል የተመደበ ነው።

የተሳካልን በሁለቱ ጣሪያዎች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትናንሽ የ5 ጊጋኸርዝ አንቴናዎች ስንሰቅል ነው። በቢሮው በኩል አንዲት ትንሽ ሳጥን ከስልክ ማዞሪያው አንድ የውስጥ መስመር ተቀብላ ድምፁን ወደ ዳታ ትለውጣለች። አንቴናው ዳታውን ያሻግራል። በማዶ ያለችው ሳጥን መልሳ ድምፅ ታደርገውና ተራውን የጠረጴዛ ስልክ ታስጮኸዋለች። አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈልገው በሴኮንድ 90 ኪሎቢት ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ለአንቴናዎቹ ኢምንት ነው። ዋናው ነገር ድምፁ ሳይቆራረጥና ሳይዘገይ መድረሱ ነው። መዘግየቱ ከ150 ሚሊሴኮንድ ካላለፈ ተነጋጋሪዎቹ አይሰማቸውም።

አንቴናዎቹ ግን መተያየት አለባቸው። አንድ ጊዜ መስመሩ በድንገት ጠፋብንና ሳጥኖቹን ስንፈታታ ዋልን። ለካስ ጎረቤት አዲስ የብረት የውኃ ታንከር ከመካከል አስቀምጦ ኖሯል! አንቴናውን አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ስናደርገው ተስተካከለ። ስለዚህ ስልኩ ሲበላሽ አስቀድማችሁ ጣሪያ ላይ ውጡና ተመልከቱ።

ሌላው መብራት ነው። የድሮው የሽቦ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያው በሽቦው ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይጮህ ነበር። የእኛ ግን አንዱ ጫፍ መብራት ካጣ ይሞታል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ባትሪ አድርገናል። የእያንዳንዱ ጫፍ ዕቃ በአንድነት 15 ዋት ያህል ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በስሌት ከ5 ሰዓት በላይ ቢሆንም በተግባር ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው ብላችሁ ያዙት። በቢሮው በኩል የስልክ ማዞሪያውም የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ምስጢራችሁ አለ። በአየር የሚሄድ ነገር ሊጠለፍ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል ወዲያው ቀይረናል፤ በአንቴናዎቹ መካከል ያለውንም መስመር በምስጢር ቁልፍ ዘግተናል። ይህን ሳያደርግ የእህቶችን ስልክ በአየር የሚያሻግር ማኅበር ቢተወው ይሻለዋል። አንቴና ከመግዛታችሁ በፊትም በአገሩ የቴሌኮም መሥሪያ ቤት የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ። በተለይ እንደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ባሉ አገሮች በኢንተርኔት መደወል ጥብቅ ሕግ አለበት። የእኛ መስመር ከሁለቱ ሕንፃዎች አይወጣም፤ ቢሆንም ሳንጠይቅ አልጀመርንም።

እንግዲህ እናንተ ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቁጥሩ የድሮው ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ አራት ጊዜ ይጠራል፤ ካልተነሣ ወደ ማዶ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ተቋርጧል ብላችሁ አትዝጉት፤ ጠብቁ። ተረኛዋ ከአልጋዋ እየተነሣች ነው።