የማይተነው ዘይት፦ የቫዮሊን ወዝ ከየት ይመጣል?

ቫዮሊንን በቅርብ የተመለከተ ሰው ዓይኑ በገጽታው ወዝ ላይ ማረፉ አይቀርም። እንጨቱ መስታወት የለበሰ ይመስላል፤ የተፈጥሮ መስመሮቹም ከልባሱ በታች ጠልቀው ይታያሉ። ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ልባስ መሠረት ሆነው ከቆዩት ነገሮች አንዱ በአገራችን እጅግ የታወቀው የተልባ ዘይት ነው። ለመሆኑ ዘይት እንዴት ይደርቃል? በልብስ ላይ የፈሰሰ የወይራ ዘይት ለረጅም ጊዜ ቅባት ሆኖ ሲቆይ፣ የተልባ ዘይት ስለምን ይጠነክራል?

ዘይቱ የሚደርቅበት መንገድ

ውሃ የሚደርቀው በትነት ነው። የተልባ ዘይት ግን አይተንም፤ እንዲያውም ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ በመድረቅ ላይ ሳለ ክብደቱ ይጨምራል። ምስጢሩ ያለው በሞለኪውሉ አሠራር ውስጥ ነው። ከተልባ ዘይት የስብ አሲዶች ግማሽ ያህሉ ሊኖሌኒክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ በካርቦን ሰንሰለቱ ላይ 3 ጥንድ ትስስሮች አሉት። የወይራ ዘይት ዋነኛ አሲድ የሆነው ኦሌይክ አሲድ ያለው ግን 1 ብቻ ነው። ኦክስጅን በጥንድ ትስስሮቹ መካከል ያለውን ደካማ ሥፍራ ሲያጠቃ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ እንደ መረብ ይሆናሉ። ፈሳሹም ወደ ጠጣር ሽፋን ይለወጣል።

ወዙ

ሻካራ ገጽ ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ለስላሳ ገጽ ግን በአንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ዘይቱ በእንጨቱ ቀዳዳዎች የነበረውን አየር ተክቶ ይገባል። ብርሃንን የመስበር ኃይሉም (1.48 ገደማ) ከአየር (1.0) ይልቅ ለእንጨቱ (1.5 ገደማ) ስለሚቀርብ ብርሃኑ ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የእንጨቱ ቀለም የሚደምቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ዘይት ብቻውን የሚሰጠው ለዘብ ያለ ወዝ ነው። መስታወት መሰል ወዝ ለማግኘት ከዛፍ ሙጫ ጋር መቀላቀል ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት ዝነኛው ጣልያናዊ አንቶንዮ ስትራዲቫሪ የሠራቸውን 5 መሣሪያዎች ልባስ መርምሮ ነበር። የታችኛው ንብብር ወደ እንጨቱ የሰረገ የሚደርቅ ዘይት፣ የላይኛው ደግሞ የዘይትና የሙጫ ቅልቅል ሆኖ ተገኝቷል።

አቀባቡ

ኦክስጅን የሚገባው ከላይ በመሆኑ ወፍራም ቅብ ላዩ ደርቆ ይሸበሸባል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እንጨቱ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ስስ ቅብ በጨርቅ ይቀባል፤ የተረፈው ይጠረጋል፤ ፈጽሞ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ብርሃንና ሙቀት ሂደቱን ያፋጥኑታል። ከዚያ በቀስታ ተፈግፍጎ እንደገና ይቀባል። ቅቡ በበዛ ቁጥር በእንጨቱ ላይ ክብደት ስለሚጨምርና ንዝረቱን ስለሚያፍን ድምፁን ይጎዳል። ክራሩን ወይም መሰንቆውን ለመቀባት የሚሻ ተማሪም ዘይቱ ቆዳውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባዋል።

የጨርቁ አደጋ

ዘይቱ ኦክስጅንን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል። በእንጨቱ ገጽ ላይ ይህ ሙቀት ወዲያው ይበተናል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ሲጣል ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱ ሂደቱን፣ ሂደቱም ሙቀቱን እያባባሰ ጨርቁ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በአንድ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ላይ የተነሣው ቃጠሎ ምክንያቱ በተልባ ዘይት የራሱ ጨርቆች ነበሩ። በዚያ አደጋ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ስለሆነም ሥራው እንዳበቃ ጨርቁን ከቤት ውጭ፣ ሊቀጣጠል ከሚችል ነገር አርቆ፣ አንድ በአንድ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ በተሞላ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ መዝፈቅ ያስፈልጋል። ለቫዮሊኑ ወዝ የሚሰጠው ኬሚካዊ ለውጥና ቤት የሚያቃጥለው ለውጥ አንድና ያው መሆኑን የተረዳ ሰው ጨርቁን ጨምድዶ ጥግ ላይ አይጥልም።