የማዕከላዊ ባንክ ወለድና የባንኮች ፉክክር

ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው የፖሊሲ ወለድ ሲሆን፣ ይህም ባንኮች ከማዕከላዊ ባንኩ ወይም እርስ በርሳቸው ለአጭር ጊዜ ሲበደሩ ለሚከፍሉት ዋጋ መነሻ የሚሆን ተመን ነው። ተመኑ ከቆጣቢውና ከተበዳሪው ዘንድ በቀጥታ አይደርስም፤ የሚያደርሱት የንግድ ባንኮች ናቸው፤ እነርሱም ለትርፍ የቆሙ በመሆናቸው ከለውጡ ምን ያህሉን ለደንበኛ እንደሚያሳልፉ የሚወስኑት ጎረቤት ባንክ ምን እንደሚያደርግ እያዩ ነው። በዚህ የተነሳ የገንዘብ ፖሊሲን የሚያጠኑ ሰዎች የባንኮችን ፉክክር ወደ ጎን ሊተዉት አይችሉም።

ሐሳቡ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የቆየ ነው። ማይክል ክላይን እና ኋላ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ማሪዮ ሞንቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በየፊናቸው ባዘጋጁት ሞዴል መሠረት፣ የገበያ ጉልበት ያለው ባንክ ለተቀማጭ ከገበያው ያነሰ ወለድ ይከፍላል፣ ለብድር ደግሞ ከገበያው የበለጠ ያስከፍላል። ይህን በተጨባጭ መረጃ ከፈተኑት ቀዳሚ ጥናቶች መካከል ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከፌዴራል ሪዘርቭ ተመራማሪዎች የወጡ ይገኙበታል። ቲሞቲ ሃናን እና አለን በርገር እ.ኤ.አ. በ1991፣ ዴቪድ ኒውማርክ እና ስቲቨን ሻርፕ ደግሞ በ1992 ያሳተሟቸው ሥራዎች እንዳሳዩት፣ ገበያውን ጥቂት ባንኮች በተቆጣጠሩበት አካባቢ የተቀማጭ ወለድ ወደ ላይ ለመውጣት ይለግማል፤ ወደ ታች ለመውረድ ግን ይፈጥናል።

የገበያውን መጠቅለል ለመለካት ተመራማሪዎች የሄርፊንዳል–ሂርሽማን መለኪያን ይጠቀማሉ፤ የእያንዳንዱን ባንክ የገበያ ድርሻ በራሱ አባዝቶ ውጤቶቹን መደመር ነው። ስድስት ባንኮች ያሉባት ከተማ ብትኖርና አንዱ ባንክ 50 በመቶ፣ የቀሩት አምስቱ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ድርሻ ቢይዙ ድምሩ 3,000 ይሆናል፤ ስድስቱ እኩል ቢካፈሉ ግን ወደ 1,667 ይወርዳል። የባንኮቹ ቁጥር በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ፉክክሩ ግን አንድ አይደለም። ባንክ በመቁጠር ብቻ ፉክክርን መገመት የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢታማር ድሬክስለር፣ አሌክሲ ሳቮቭ እና ፊሊፕ ሽናብል እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ መለኪያ በረቀቀ መንገድ ተጠቅሞበታል። አጥኚዎቹ የተለያዩ ባንኮችን ከማወዳደር ይልቅ የአንድን ባንክ ቅርንጫፎች በተለያዩ የአሜሪካ ካውንቲዎች አወዳደሩ፤ ባንኩ አንድ ከሆነ የማበደር ዕድሉም አንድ ስለሚሆን፣ በቅርንጫፎቹ መካከል የሚታየው ልዩነት የሚመነጨው ከአካባቢው ፉክክር ነው ማለት ይቻላል። የፖሊሲ ወለድ ሲጨምር ፉክክር በላላበት ካውንቲ ያለው ቅርንጫፍ በፖሊሲ ወለዱና ለቆጣቢው በሚከፍለው መካከል ያለውን ልዩነት ይበልጥ አሰፋ፤ ብዙ ተቀማጭም ከእጁ ወጣ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ያልተጠበቀ ነው፤ ተቀማጭ የጎደለበት ባንክ ብድሩንም ስለሚቀንስ፣ የፉክክር ማነስ የፖሊሲውን ኃይል ማዳከሙ ቀርቶ በብድር በኩል ያበረታዋል። ፖሊሲው ቢዳከምም ቢበረታም ግን ቆጣቢው ተጎጂ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ ወለዱን ከዜሮ አቅራቢያ ወደ 5.25–5.50 በመቶ ሲያወጣ፣ የአገሪቱ ተራ የቁጠባ ሂሳብ አማካይ ወለድ ከግማሽ በመቶ በታች እንደቀረ ማስታወስ ይበቃል።

ፉክክርን ማብዛት ብቻውን መፍትሔ ነው ለማለትም አያስደፍርም። ማይክል ኪሊ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደተከራከሩት፣ ፉክክር ሲጠነክር የባንክ ፈቃድ ይዞ መኖር የሚያስገኘው ትርፍ ስለሚሸረሸር፣ የሚያጣው ነገር ያነሰበት ባንክ ለአደገኛ ብድር ይደፍራል።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት ሲያሸጋግር የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ፣ ባንኮች ትርፍ ገንዘባቸውን ለአንድ ሌሊት በ12 በመቶ የሚያስቀምጡበትን፣ ሲቸግራቸው ደግሞ በ18 በመቶ የሚበደሩበትን መስኮት ከፍቷል። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ግን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ይህ ወለል በቁጠባና በፖሊሲ ወለድ መካከል ምን ያህል ሰፊ ቦታ እንዳለ ያሳያል። ከሠላሳ ባንኮች ያላነሱ ቢኖሩም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብቻውን የሚይዘው የተቀማጭ ድርሻ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ የገበያው ሁኔታ ከላይ በምሳሌው አንዱ ባንክ ግማሹን ገበያ ከያዘበት ሁኔታ ጋር ይቀራረባል። የግል ባንኮቹም ቆጣቢን ለመሳብ የሚሽቀዳደሙት ወለድ በመጨመር ሳይሆን በአብዛኛው ቅርንጫፍ በመክፈትና ለቆጣቢዎች መኪናና ሌላ ሽልማት በዕጣ በማውጣት ነው፤ ይህም ፉክክር መሆኑ ባይካድም የማዕከላዊ ባንኩን ወለድ ወደ ቆጣቢው የሚያደርስ ዓይነት አይደለም።

የአሜሪካውን ግኝት እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣትም አይቻልም። በአሜሪካ ከባንክ የወጣው ገንዘብ የሚሄደው የተሻለ ወለድ ወደሚከፍሉ የገንዘብ ገበያ ፈንዶች ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው ቆጣቢ ግን ከባንክ ሲወጣ የሚያገኘው አማራጭ ዕቁብ፣ ቤት፣ ወርቅ ወይም የውጭ ምንዛሪ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱ ይህን ሊለውጥ ይችላል፤ ነገር ግን ውጤቱ የሚወሰነው ምን ያህል ባንክ በመግባቱ ሳይሆን የገባው ባንክ የተራውን ቆጣቢ ሂሳብ በመፈለጉ ወይም ትልልቅ ኩባንያዎችን ብቻ በማገልገሉ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተጣለው የብድር ዕድገት ጣሪያ አለ። በመጀመሪያ 14 በመቶ የነበረው፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ የተደረገው ይህ ጣሪያ አንድ ባንክ በዓመት ብድሩን በምን ያህል ሊያሳድግ እንደሚችል ይገድባል። ጣሪያው ላይ የደረሰ ባንክ ተጨማሪ ተቀማጭ ቢያገኝ ሊያበድረው ስለማይችል፣ ገንዘቡን በሌላ ቦታ የሚያሠራበት ያህል ካልሆነ በቀር ለቆጣቢው ወለድ ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም፤ ጎረቤቱ ባንክም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ገደብ ባለበት ወቅት የቁጠባ ወለድ ከቦታው አለመነቃነቁ ከፉክክር ማነስ የመጣ ይሁን ከጣሪያው ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው፤ ድሬክስለርና ባልደረቦቹ እንዳደረጉት በቅርንጫፍ ደረጃ ማነጻጸርም የሚያስኬደው ጣሪያው ከተነሳ በኋላ ነው።