በደቡብ ፈረንሳይ ያየነው የቤተ ሰብ ኑሮና የወይራው ነገር

ስለ ደቡብ ፈረንሳይ የሚያወራ ሰው ሁሉ ነገሩን የሚጀምረው ከፀሓዩና ከባሕሩ ነው። እኛ ግን የደረስነው በኅዳር ወር ነበርና ከፀሓዩ አስቀድሞ የተቀበለን ነፋስ ነው። ከፓሪስ ተነሥቶ በ3 ሰዓት ያህል ማርሴይ ከሚያደርሰው ፈጣን ባቡር ወርደን፤ በጣቢያው ፊት ካለው ባለ 104 እርከን ደረጃ ራስ ላይ ቆመን ከተማውን ስንመለከት፤ ነፋሱ ባርኔጣችንን ወስዶ እስከ ታች ድረስ አንከባለለው። አንሥተው የመለሱልን አንድ ሽማግሌ «ሚስትራል ይባላል፤ ዛሬ ገና በመጫወት ላይ ነው» አሉን። ይህ ሚስትራል የሮንን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ከሰሜን ወደ ባሕር የሚወርድ ብርቱና ደረቅ ነፋስ ነው፤ ሰማዩን ግን ከደመና ጠርጎ እንደ መስተዋት ያጠራዋል።

ማርሴይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ በግሪክ መርከበኞች የተቈረቈረች ወደብ ናት። (የዘመኑን ቍጥር ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ለአገራችንም ሰው ስሟ እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥተው በስዊስ ቦይ የሚያልፉት የፈረንሳይ መርከቦች መንገደኛቸውን ያራግፉ የነበረው በዚህ ወደብ ነው። በሐረር በንግድ ሥራ የኖረው ባለቅኔ አርቱር ሬምቦም ታሞ ሲመለስ እግሩ የተቈረጠው፤ ኋላም በ1891 በኖቬምበር 10 ቀን ያረፈው፤ በዚህችው ከተማ ሆስፒታል ነበር።

በከተማዪቱ ሱቆች አራት ማዕዘን ሆኖ የተቈረጠ አረንጓዴ ሳሙና ይሸጣል። በ1688 በሉዊ 14ኛ ዘመን የወጣው አዋጅ ሳሙናው በወይራ ዘይት ብቻ እንዲሠራ፤ የእንስሳ ስብም እንዳይገባበት ያዝዝ ነበር። ከዚህች ቍራሽ ሳሙና ጀምሮ እስከ ተመለስንበት ቀን ድረስ የወይራ ነገር አልተለየንም።

ያረፍነው በሳን ሬሚ ከተማ አጠገብ፤ አልፒይ ከሚባሉት ነጫጭ ኮረብታዎች ሥር፤ በአንዲት አሮጊት ባልቴት ቤት ነው። ዕድሜያቸው ከ75 አልፏል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ማዳም» ስለሚላቸው እኛም እንዲሁ አልን። ቤታቸው በአገሩ ቋንቋ «ማስ» የሚባለው የገበሬ የድንጋይ ቤት ነው። የዚህ አገር ሰው ቤቱን የሚሠራው ከነፋሱ ጋራ ተማክሮ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቤቱ ጀርባውን ለሰሜን፤ ፊቱን ለደቡብ ይሰጣል፤ በሰሜኑ ግድግዳ መስኮት የለበትም፤ ቢኖርም እንደ እጅ መዳፍ የጠበበ ነው። ከማሳው ዳር የፈረንጅ ጥድ ተራ በተራ ተተክሎ ነፋሱን ይሰብራል። የብዙው ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ራስ እንኳ በድንጋይ አልተደፈነም፤ ነፋሱ በመካከሉ እንዲያልፍ ከብረት ዘንግ እንደ ወፍ ጎጆ ተሠርቶአል።

ረቡዕ በሳን ሬሚ የገበያ ቀን ነው። ወደ አንድ አይብ ሻጭ ቀርበን ዋጋውን ብንጠይቅ ሰውየው እንዳልሰማ ሆኖ ከእኛ በኋላ ለመጣችው ሴት መዘነላት። ተቀይመን ለማዳም ብንነግራቸው ሳቁና «ቦንዡር ብላችኋል?» አሉን። አላልንም። በእኛ አገር ደጅ ያለ ሰው ሳይሳለም ገብቶ ቅቤው ስንት ነው ቢል ምን እንደምንለው አሰብንና አፈርን። በማግሥቱ የዳቦ ቤቱን ደፍ ሳንረግጥ ገና ከመንገድ ሰላምታችንን አሰማን፤ ይህም ደግሞ አስቆባቸዋል።

ቀትር ሲሆን ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ መንገዱ ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ ወደ ማዕዱ ይሄዳል። ዓርብ ቀን ማዳም «አዮሊ» የሚባለውን ሠሩ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋራ በድንጋይ ሙቀጫ ይወቅጡታል፤ የእንቍላል አስኳል ይጨምሩበታል፤ ከዚያ በኋላ የወይራውን ዘይት እንደ ክር እያቀጠኑ ያፈሱበታል። ዘነዘናው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይዞራል፤ እጅ ቢቸኵል ዘይቱ ይለያይና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ረግቶ እንደ ቅቤ ሲሆን ከተቀቀለ ድንች፣ ካሮት፣ እንቍላልና በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋራ ይቀርባል። ወይራ በአገራችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ለማጠን፤ ለበትርም እንደሚሆን ነገርናቸው። የእኛም ዛፍ የዚሁ የእነርሱ ወይራ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ደቃቃ ነውና አይጨመቅም። ማዳም «ወተትን በጢስ!» ብለው ብዙ ተደነቁ፤ በነጋታውም ከምድጃው አመድ አጠገብ የወይራ ጭራሮ ሲያጤሱ አየናቸው።

ወደ ጋር ድልድይ በሄድን ጊዜ ምሳውን በቅርጫት ይዘው አብረውን መጡ። ይህ ድልድይ የሮም ሰዎች በ1ኛው ምዕት ዓመት ያቆሙት ነው። ቁመቱ 49 ሜትር ያህል ሲሆን ሦስት ደርብ ቅስት አለው፤ የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ድንጋዮች ያለ ኖራ ተጠራርበው የተያያዙ ናቸው። የተሠራው ለሰው መሻገሪያ ሳይሆን ከኡዜስ አጠገብ ካለው ምንጭ ወደ ኒም ከተማ ውሃ ለማሳለፍ ነው። ቦዩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቍልቍለቱ 13 ሜትር አይሞላም። ከዚህ ሥር የቆመ ሰው ያን ጊዜ በምን ዓይን ለኩት ብሎ መገረሙ አይቀርም፤ እኛም ብዙ አድንቀን ተናገርን። ማዳም ግን ዳቦውን እየቈረሱ «ውሃውን ማን እንዳመጣው ተጽፎአል፤ በዚያ ውሃ ሳሕኑን ያጠበው ማን እንደ ሆነ ግን የጻፈ የለም» አሉ።

አርል ከተማ ደግሞ 20,000 ያህል ሰው ይይዝ የነበረ የሮም ሰዎች የትግል መመልከቻ አደባባይ አለ። የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ ሕዝቡ ጠላት ፈርቶ ወደ ውስጡ ገባና ከ200 የሚበልጥ ቤት ሠርቶ በክቡ ግንብ ውስጥ ብዙ መቶ ዓመታት ኖረበት። ቤቶቹ የተነሡት በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። ለእኛ ከአንበሳውና ከሰይፈኛው ታሪክ ይልቅ ልብ የነካን ይህ ነው። ስሙ እንደ ነፋሱ የሆነው ባለቅኔ ፍሬደሪክ ሚስትራልም በ1904 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ገንዘቡን ያዋለው የአገሩ ገበሬ ልብሱና የቤት ዕቃው ለሚጠበቅበት የአርል ቤተ መዘክር ነበር። አቪኞን ያሉትን የጳጳሳቱን ግንቦች በአንድ ቀን ተሯሩጠን አየናቸው፤ እግራችንን እንጂ ልባችንን አላደከሙትም።

ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1889 ታሞ በሳን ሬሚ ዳር በቅዱስ ጳውሎስ ገዳም በነበረው ሆስፒታል ሳለ በዙሪያው ያለውን ወይራ ደጋግሞ ሣለ። ዛሬ የሚታየው ወይራ ግን ብዙው እርሱ ባየው መልክ አይደለም፤ ከአንድ ሥር ሦስትና አራት ግንድ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን የነገሩን ማዳም ናቸው። በ1956 በጃንዋሪ ወር ሙቀት ሆኖ ዛፎቹ ጸደይ የመጣ መስሎአቸው ውሃቸው ወደ ቅርንጫፍ ወጥቶ ነበር፤ በፌብሩዋሪ ግን ድንገት ብርቱ ውርጭ ወረደ። በግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆነና ግንዱን ሰነጠቀው። ማዳም ያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሌሊት እንደ ጠመንጃ የሚተኵስ ድምፅ ሰምተው ጦርነት ተመለሰ ብለው ከአልጋ ሥር እንደ ገቡ ያስታውሳሉ። ጎረቤቱ ብዙው ሥሩን ነቅሎ ወይን ተከለ። አባታቸው ግን ዛፎቹን ከምድር ልክ ቈርጠው ሥሩን ተዉት፤ ከጉቶውም አዲስ ቀንበጥ ወጣ። እስኪያፈራ ድረስ ቤተ ሰቡ ዘይት በመግዛት ኖረ፤ ይህንንም ሲነግሩን እንደ ነውር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ከእነዚያ ጉቶዎች የበቀሉት 90 ዛፎች ናቸው አሁን ክርክር ያስነሡት። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ሁሉም በከተማ ይሠራሉ፤ የሚሰበሰቡትም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለወይራው ለቀማና ለልደት በዓል። ለልደት ማታ ማዕዱ በሥላሴ ምሳሌ ሦስት ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ በጌታችንና በ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌም 13 ዓይነት ጣፋጭ ይቀርብበታል፤ ዘቢብ፣ የደረቀ በለስ፣ ለውዝ፣ ከማር የተሠራውና ሌላውም ሁሉ። ለሚመጣ ድኻም አንድ ሳሕን ትርፍ ይቀመጣል። የበኵር ልጃቸው እናቱ ከመሰላል እንዳይወድቁ ፈርቶ ቦታው ይሸጥ ይላል፤ የዕረፍት ቤት የሚፈልግ ገዢም ተገኝቶአል። ሴቲቱ ልጅ እንቢ ትላለች፤ ነገር ግን መሰላሉን ማን ይይዛል ሲሏት መልስ የላትም። ለፍርዱ ቢጠየቅ እኛ ለልጁ እንፈርዳለን፤ ፍርሃቱ እውነት ነውና። ማዳም ግን ከሁለቱም ጋራ አልተከራከሩም፤ መረቡን ከዛፉ ሥር ዘረጉ።

ሦስት ቀን ለቀምን። ማበጠሪያ በመሰለ መሣሪያ ቅርንጫፉን ሲያበጥሩት ፍሬው በመረቡ ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። ውሎ ካደረ ይበላሻልና በቶሎ ወደ መጭመቂያው ቤት ተወሰደ፤ ለአንድ ሊትር ዘይት 5 ወይም 6 ኪሎ ፍሬ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዘይት አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ በዳቦ ቀመሱት፤ ጕሮሮ ያቃጥላል፤ ይህም የመልካምነቱ ምልክት ነው አሉ። እሑድ ማታ ዘይቱን ለሦስቱ ልጆች ትክክል አድርገው አካፈሉ፤ ለእኛም አንድ ጠርሙስ ደረሰን።

በኵሩ ልጅ ድርሻውን መኪናው ላይ ከጫነ በኋላ ተመልሶ ገባና ዛፎቹ የሚገረዙት መቼ እንደ ሆነ ጠየቀ። ማዳም «በማርች፤ ውርጩ ሲያልፍ» አሉት፤ እርሱም ቀኑን በማስታወሻው ጻፈ። ስለ ሽያጩ በዚያ ማታ ያነሣ አልነበረም። የገዢው ወረቀት ሳይፈረምበት በማዕድ ቤቱ መደርደሪያ ከጨው ዕቃው ሥር ተቀምጦአል።