ሻጋታ ወርቅ የሚሆንባቸው ዓመታት

ለቃሚዋ ዘለላውን በግራ እጇ ደግፋ ታገላብጠዋለች። አንድ ዘለላ ላይ ሆነው ፍሬዎቹ አይመሳሰሉም። ገሚሶቹ ቢጫ ሆነው ያብረቀርቃሉ፤ ሌሎቹ ወደ ሐምራዊ ቡናማነት ተለውጠዋል፤ ከሥር ያሉት ጥቂቶች ደግሞ ተጨማደው ዘቢብ መስለዋል፣ አመድ የመሰለ የሻጋታ ድርም ለብሰዋል። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ መሬት ላይ ትጥለዋለች። ደህና ከሆነ በትንሿ መቀሷ የተጨማደዱትን ብቻ ለይታ ትቆርጥና ቅርጫቷ ውስጥ ትጨምራለች። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚቀጥፋቸው እነዚያ ቢጫና ጤናማ ፍሬዎች ተክሉ ላይ ይቀራሉ። ገና አልሻገቱምና ጊዜያቸው አልደረሰም።

ይህ ለቀማ የሚካሄደው በፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሶተርን ነው። ከምግብ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርበው፣ ማር የመሰለው የዚህ አካባቢ ወይን ጠጅ በዓለም ከታወቁት ጣፋጭ ወይኖች ግንባር ቀደሙ ነው። ከዓመት ዓመት የጥራቱ ልዩነት የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወይን የሚወዱ ሰዎች “የቦርዶ ጥሩ ዓመት” ማለት ይወዳሉ። ሶተርን ላይ ሲደርስ ይህ አባባል ያሳስታል። 1982 እና 2000 የቦርዶ ቀይ ወይን ስሙ የገነነባቸው ዓመታት ናቸው፤ በእነዚያው ዓመታት ግን የኦክቶበር ዝናብ የሶተርንን አዝመራ አበላሸው። በ1967 እና በ2013 ነገሩ ተገለበጠ። ቀዩ ብዙም ሳይወደስ ጣፋጩ አማረ። ልዩነቱን ያመጣው የለቀማው ጊዜ ነው። ቀይ ወይን እንደበሰለ ተለቅሞ ጎተራ ይገባል። የሶተርን ወይን ግን ከበሰለም በኋላ ለሳምንታት ደጅ ያድራል። ጤፉ ታጭዶ ሳይከመር ዝናብ የመታበት ገበሬ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያውቀዋል።

ጥበቃው ቦትራይቲስ ሲኔሪያ የተባለውን ፈንገስ ነው። እንጆሪ ገዝቶ ሁለት ሦስት ቀን የረሳ ሰው ፍሬው ላይ የሚያገኘው ግራጫ፣ ጸጉራም ሻጋታ ይኸው ነው። በሌላው ዓለም የወይን ገበሬ መድኃኒት እየረጨ ያባርረዋል። ሶተርን ውስጥ ግን “ክቡር ብስባሽ” የሚል ስም ወጥቶለታል።

ፈንገሱ ጤናማ በሆነና በደንብ በበሰለ ፍሬ ላይ ሲያርፍ ቀጫጭን ክሮቹን በልጣጩ ውስጥ ይሰዳል፤ ልጣጩም በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ወንፊት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኙት ውኃው በእነዚያ ቀዳዳዎች ይተናል፣ ስኳሩ ውስጥ ይቀራል። ፈንገሱ በበኩሉ ፍሬውን እየበላ ይለውጠዋል። ከአሲዶቹ በተለይ ታርታሪክ የሚባለውን ይመገባል፤ በምትኩ ግሊሰሮል ይሠራል፤ ወይኑ ምላስ ላይ ወፈር፣ ለስለስ እንዲል ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ግሊሰሮል ነው። ሶቶሎን የተባለ መዓዛ ያለው ውህድም በዚህ ወይን ውስጥ ይገኛል። ይህ ውህድ ለአበሻ ቤት እንግዳ አይደለም፤ የአብሽ ሽታ ዋነኛ ምንጭ እሱ ነው። ዕድሜ የጠገበ ሶተርን አፍንጫ ላይ ማርና የደረቀ ቱፋህ ሆኖ ጀምሮ ወደ ቅመም የሚያደላው ስለዚህ ነው።

ስሌቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከተጨማደዱት ፍሬዎች የሚወጣው ጭማቂ በሊትር 360 ግራም ያህል ስኳር ይዟል እንበል። እርሾ አንድ በመቶ አልኮል ለማበጀት በሊትር 17 ግራም ገደማ ስኳር ይፈጃል። አልኮሉ 13.5 በመቶ ሲደርስ 230 ግራሙ አልቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ እርሾው በስኳሩም በአልኮሉም ተጨንቆ ይዳከማል፤ ጠማቂውም ፍላቱ በዚያው እንዲቆም ያደርጋል። በየሊትሩ 130 ግራም ስኳር ይተርፋል። ኮካ ኮላ በሊትር የያዘው 106 ግራም ያህል ነው። ይህ ሁሉ ጣፋጭነት እንዳይሰለች የሚያደርገው አብሮ የተጠራቀመው አሲድ ነው፤ አሲዱ ባነሰበት ዓመት ወይኑ ከበድ ብሎ ሽሮፕ ሽሮፕ ይላል።

ሻጋታውን በየዓመቱ የሚጠሩት ሁለት ወንዞች ናቸው። ሲሮን ጠባብ ነው፤ ከደን ውስጥ ለውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር እየሄደ ስለሚመጣ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። በዳርቻው ያለው የቢች ዛፍ ከበረዶ ዘመን የተረፈ መሆኑን ተመራማሪዎች ከአፈር ውስጥ ባገኙት ጥንታዊ ከሰል አረጋግጠዋል። ጋሮን ደግሞ ሰፊና ሞቅ ያለ ነው። በመኸር ሌሊት ቀዝቃዛው ከሞቃቱ ጋር ሲገናኝ ጉም ይነሣና የወይኑን ማሳ ያለብሰዋል። ፈንገሱ ለመብቀል ይህ እርጥበት ያስፈልገዋል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጉሙን ትገፈዋለች፤ ፍሬው ይደርቃል። ጠዋት እርጥብ፣ ከሰዓት ደረቅ እየሆነ ለሳምንታት ከቀጠለ ዓመቱ ታላቅ ይሆናል።

ይህ ቅደም ተከተል የሚዛነፍባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ጉሙ ከቀረ ፈንገሱ አይመጣም፤ ፍሬው እንዲያው ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል፣ ወይኑም ጣፋጭ ሆኖ ጥልቀት ያጣል። ፈንገሱ ፍሬው ሳይበስል ከቸኮለ የሚያጠራቅመው ስኳር አያገኝም። ከሁሉ የከፋው ግን ቀናት የሚዘልቅ ዝናብ ነው። የሳሳው ልጣጭ ውኃ ይጠጣና ይፈነዳል፤ ሌሎች ሻጋታዎችና የኮምጣጤ ባክቴሪያዎች ይገባሉ፤ ፈንገሱ የሚያመነጨው ላኬዝ የተባለ ኢንዛይም ጭማቂውን ያጠቁረዋል። ያው ፍጥረት፣ በዚያው ማሳ፣ በአሥር ቀን ልዩነት ክቡር የነበረው የተለመደው ግራጫ ብስባሽ ሆኖ ያርፋል።

2001ን ከ2003 ጋር ማስተያየት ትምህርት ይሰጣል። በ2001 ፍሬው ቀስ ብሎ በሰለ። በሴፕቴምበር መጨረሻ የጣለው ዝናብ ፈንገሱን በየማሳው አነቃው፤ ኦክቶበር ደግሞ ደረቅና ፀሐያማ ሆኖ ገባ። ስኳርና አሲድ እኩል ተራመዱ። የሶተርን የወይን ቤት የሆነው የሻቶ ዲኬም የ2001 ወይን ከአሜሪካዊው ሐያሲ ሮበርት ፓርከር 100 ከ100 አገኘ። በ2003 አውሮፓን የመታው ኃይለኛ ሙቀት ግን ወይኑን ገና በበጋው በስኳር ሞላው፣ አሲዱን አቃጠለው። ሻጋታው እንደ ጎርፍ ባንድ ጊዜ ደረሰ፤ ለቀማውም በሴፕቴምበር ውስጥ በጥድፊያ ተጠናቀቀ። የ2003 ሶተርን ወፍራምና እጅግ ጣፋጭ ነው፤ ብዙ ወዳጆች አሉት። ለረጅም ዕድሜ የሚመረጥ ካለ ግን የ2001ዱ መሆን አለበት።

ፈንገሱ ዘለላን ሳይሆን ፍሬን እየመረጠ ስለሚይዝ ለቃሚዎች ወደ አንዱ ተክል አምስት ስድስት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ሥራው ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። የሶተርን ሕግ ከአንድ ሄክታር ከ2,500 ሊትር በላይ እንዳይመረት ይከለክላል። ዲኬም በአማካይ የሚያገኘው 900 ሊትር ያህል ነው፤ ከአንድ ግንድ አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ዋጋው ውድ ነው ብሎ የሚያዝን ሰው ይህን ሂሳብ ቢያውቅ መልካም ነው።

በሌሎች የፈረንሳይ ክፍሎች ይህ ጭንቀት መልኩን ይቀይራል። በሎዋር ሸለቆ የሚገኙት የቩቭሬ ጠማቂዎች ሸናን ከተባለው አንድ የወይን ዝርያ ጣፋጩንም፣ ደረቁንም፣ አረፋማውንም ይሠራሉ፤ መኸሩ ከከፋ ጣፋጩን ትተው ወደ ሌሎቹ ያደላሉ። ከፒሬኔ ተራሮች ሥር ያለችው ዡራንሶን ደግሞ ሻጋታ አትጠብቅም። ፔቲ ማንሳንግ የተባለው ልጣጨ ወፍራም ወይኗ ተራራውን ተሻግሮ በሚወርድ ሞቃት ነፋስ ግንዱ ላይ እንዳለ ይደርቃል። በደቡብ፣ በባንዩልስ፣ ፍላቱ የሚቆመው ንጹሕ አልኮል ተጨምሮበት በመሆኑ የአንድ መኸር ዝናብ የሶተርንን ያህል ዕጣውን አይወስንም።

ሶተርኖች ሁለተኛ በር የላቸውም ማለት ይቻላል። በአፕሪል ሌሊት የሚጥል ውርጭ በ2017 እና በ2021 እንቡጡን አቃጠለ፤ በጁላይ 2018 በረዶ አንዳንድ ማሳዎችን እንዳልነበሩ አደረጋቸው። ይህን ሁሉ ችለው የሚቀጥሉት ጥሩ ዓመት ሲመጣ ወይኑ ከሰው ዕድሜ በላይ ስለሚቆይ ነው። በ1811 የተለቀመ አንድ የዲኬም ጠርሙስ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ በ75,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ተሽጧል።

ዲኬም በ1855 በወጣው የቦርዶ የደረጃ ሠንጠረዥ ከጣፋጮቹ ሁሉ በላይ ብቻውን የተቀመጠ ቤት ነው። ከፍታውን ያቆየው በታላላቅ ዓመታቱ ብቻ ሳይሆን “ዘንድሮ የለም” በማለቱም ጭምር ነው። በ1910፣ 1915፣ 1930፣ 1951፣ 1952፣ 1964፣ 1972፣ 1974 እና 1992 በስሙ ወይን አላወጣም። በ2012 ኦክቶበር ዝናብ ደጋግሞ ሲመታ ለቃሚዎቹ ወጡ፣ ተለቀመ፣ ተጠመቀ፣ ተቀመሰ። በዲሴምበር የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ፒየር ሉርቶን የ2012 ዲኬም እንደማይኖር አስታወቁ። ጎረቤቶቹ ሻቶ ሱዱዊሮና ሻቶ ሪዩሴክም የዚያን ዓመት ወይናቸውን ተዉ። በኖራ ድንጋይ ላይ በተኛችው በባርሳክ የሚገኘው ሻቶ ክሊማንስ ግን የራሱን አወጣ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትርና የአፈር ዓይነት እንኳን በአንድ ዓመት ውስጥ ዕጣ ይለያሉ።

በቀጣዩ ዓመት ጉሙ በሰዓቱ መጣ። ዲኬም የአዝመራ ዓመቶቹን በተርታ ሲደረድር ከ2011 ጠርሙስ ጎን የሚቆመው የ2013 ነው።