ቆሽት ራሱን ለምን አይፈጭም?

«ቆሽቴ አረረ» ብሎ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ነገር ግን ቆሽት የት ነው? ምንስ ይሠራል? ተብለን ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? አንዳንዶቻችንማ ከጣፊያ ጋር እናምታታዋለን። ነገ ክፍል ገብተን ልጆች ስለ ምግብ መፈጨት ሲጠይቁን እንዳናፍር ዛሬ ይህን ዕጢ ቀረብ ብለን እንመልከተው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዕጢ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ኢንሱሊን ያሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም መልቀቅ ሲሆን ይህን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ሁለተኛው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ አዘጋጅቶ በቧንቧ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ማለትም ወደ ዱዎዲነም መላክ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያፈሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር ይደርሳል።

ፈሳሹ ከሁለት ወገን ይመጣል። እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ሴሎች ኢንዛይሞችን ይሠራሉ፤ አሚሌዝ ለስታርች፣ ላይፔዝ ለቅባት፣ ትሪፕሲን ለፕሮቲን። የቧንቧዎቹ ሴሎች ደግሞ ውኃና ባይካርቦኔት ይጨምራሉ። ባይካርቦኔቱ ከጨጓራ የመጣውን የአሲድ ኃይል ያበርዳል፤ ያለዚያ ኢንዛይሞቹ በደንብ ሊሠሩ አይችሉም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ሥጋ የሚፈጭ ነገር የሚሠራው ቆሽት ራሱ ሥጋ አይደለም ወይ? ታዲያ እንዴት አይፈጭም? ምክንያቱም ትሪፕሲን ከቆሽት የሚወጣው ገና ሳይነቃ፣ ትሪፕሲኖጅን በሚባል መልኩ ነው። በአፎቱ እንዳለ ሰይፍ ማለት ነው። ዱዎዲነም ሲደርስ ከአንጀቱ ግድግዳ የሚገኘው ኢንተሮካይኔዝ ሰይፉን ይመዘዋል፤ የነቃው ትሪፕሲንም በተራው ሌሎቹን ያነቃል። ጥቂቱ ቀድሞ ቢነቃ እንኳ በቆሽቱ ውስጥ የሚያግደው ንጥረ ነገር አለ።

ፈሳሹ መቼና ምን ያህል እንደሚፈስ ማን ያዛል? የምሳ ደወል ተደውሎ የወጥ ሽታ ሲያውደን አንጎል በቬገስ ነርቭ በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ ጥቂት ፈሳሽ መውጣት ይጀምራል። የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን መርምሮ፣ ትእዛዙ በሙሉ በነርቭ ነው ብሎ ያስተምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1902 ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ለንደን ውስጥ፣ በሰመመን ላይ ባለ ውሻ አንድ ሙከራ አደረጉ። ወደ አንድ የአንጀት ክፍል የሚሄዱትን ነርቮች ቆራርጠው አሲድ ጨመሩበት። ነርቭ ሳይኖር ቆሽቱ ፈሳሹን አፈሰሰ! ቀጥለው የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ከአሸዋና ከአሲድ ጋር ፈጭተው፣ አጥልለው በደም ሥር ቢሰጡት ቆሽቱ አሁንም አፈሰሰ። መልእክተኛው በደም የሚጓዝ ኬሚካል መሆኑ ታወቀ፤ ሴክሬቲን አሉት። «ሆርሞን» የሚለውን ቃል ስታርሊንግ ያስተዋወቀው ከዚህ በኋላ በ1905 ነው።

ፓቭሎቭ ምን አደረገ? ሙከራውን በራሱ ላቦራቶሪ አስደገመ፤ ውጤቱን አይቶም እውነትነቱን ተቀበለ።

ዛሬ እንደምናውቀው ነርቭም ሆርሞንም ተባብረው ይሠራሉ። አሲድ ሲመጣ ሴክሬቲን ባይካርቦኔት ያስጠራል። ቅባትና ፕሮቲን ሲመጡ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለው ሆርሞን ኢንዛይሞችን ያስፈስሳል፤ የሐሞት ከረጢትንም ያኮማትራል። አሲዱ ሲበርድ ሴክሬቲን ይቀንሳል፤ የባይካርቦኔቱም ፈሳሽ ጋብ ይላል።

ይህ ሥርዓት የሚፈርስበት ጊዜ አለ። የሐሞት ጠጠር ቧንቧውን ሲዘጋ ወይም አልኮል ሲበዛ ኢንዛይሞቹ እዚያው ቆሽት ውስጥ ይነቁና ባለቤታቸውን መፍጨት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቆሽት የሚያርረው በአነጋገር ብቻ አይደለም። ስለዚህ በላይኛው ሆድ ላይ ጠንቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ሕመም ሲያጋጥም «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ክኒን እየዋጡ መተኛት አይገባም። ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እኛ የነገ መምህራን ከዚህ ታሪክ የኢንዛይሞችን ስም ብቻ ሸምድደን ብንሄድ በቂ አይመስለንም። ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ምርምሩ በ1904 የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ሰው ነበር። እሱ ማስረጃ ሲቀርብለት ያስተማረውን ካረመ፣ እኛስ ተማሪ «ቲቸር፣ ተሳስተዋል» ሲለን መጽሐፉን ገልጠን አብረነው ብናይ ምን ይቀርብናል?